ሦስት ወር ያልጠበቀ ሠርግ

ያን ጊዜ በእኛ መንዝ ያለ ኤች አይ ቪ የደም ምርመራ ወረቀት ሠርግ የሚባል ነገር አልነበረም። የነፍስ አባታችን ለአባቴ ቁርጡን ነግረዋቸዋል፤ "ወረቀቱን ሳላይ ሥርዓቱን አላደርስም።" ስለዚህ ጥር ሲገባ እኔና እጮኛዬ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። እጮኛዬ ዓለም ከተማ የሚያስተምር መምህር ነበር። መምህር ላገባ ነው ብዬ ጓደኞቼ ላይ ስኮራባቸው ላየኝ፣ የእኔን ያህል ቂል አልነበረም።

ነርሷ ከጣታችን ደም ወስዳ ሁለታችሁም ነጻ ናችሁ አለችን። ወረቀቱን ከመስጠቷ በፊት ግን አስቀምጣ አስረዳችን። "ቫይረሱ ከገባ በኋላ በምርመራ እስኪታይ እስከ ሦስት ወር ሊፈጅ ይችላል። በቅርቡ የሚያሰጋ ነገር ከነበረ ይሄ ውጤት አይበቃም። ሦስት ወር ሲሞላ ተመለሱ፣ እስከዚያም ተጠንቀቁ። የነበረ ነገር አለ?"

እኔ ወዲያው የለም አልኩ። እሱ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሥዕል እያየ "ምን ሊኖር" አለ። ነርሷም ማኅተሙን አሳረፈች።

የነፍስ አባታችን ማኅተሙን አይተው እግዚአብሔርን አመሰገኑ። ስለ ሦስት ወሩ አልነገርኳቸውም። ሦስት ወር ማለት ዐቢይ ጾምን አልፎ ከፋሲካ ወዲያ ነው። ጥሪው ተነግሯል፣ ጠላው ተጠንስሷል፣ አባቴ የሚታረዱትን ሙክቶች ለይተዋል። ሠርጓ የተራዘመባት ልጅ በሰው አፍ ምን እንደምትባል አውቃለሁ። እንዲያውም ይሄ ሁሉ ምክር ለከተማ ሴቶች እንጂ ለእኔ አልመሰለኝም። ጾሙ ሳይገባ ተዳርኩ።

ሐምሌ ላይ ለእርግዝና ክትትል ሄጄ ያችው ነርስ ደሜን መረመረች። ውጤቱን ስትነግረኝ ተቆጣኋት።

"ተሳስተሻል። ወረቀት አለኝ እኮ" አልኳት።

አልተቆጣችኝም። ባለቤትሽን ይዘሽው ነይ አለችኝ። ይዤው ሄድኩ፤ ሲመረመር በእሱም ደም ቫይረሱ ተገኘ። ወደ ቤት ስንመለስ ዝናቡ እየወረደብን መንገድ ላይ ነገረኝ። ከምርመራው ሦስት ሳምንት በፊት፣ ለገና ወደ አገሩ ሊመጣ ሲል፣ ከመምህራን ጋር ጠጥቶ ከአንዲት ሴት ጋር አድሯል።

"ታዲያ ነርሷ ስትጠይቅህ ለምን ደበቅክ?"

"አንቺ ፊት አፍሬ" አለኝ።

ብቻህን መጥተህ ንገረኝ አላልኩትም፣ ሠርጉ ይቅር አላልኩትም፤ እሱ ራሱ ለነርሷ ለብቻዋ ቢነግራት ይበቃ ነበር። ሦስት ወር ጠብቆ ዳግመኛ ቢመረመር ኖሮ እኔ ዛሬ ጤነኛ ነበርኩ። ይሄን ሳስበው እስከ አሁን ደሜ ይፈላል።

መድኃኒቱ ስለደረሰልን ልጄ ነጻ ሆና ተወለደች። ነርሷ ከዓመታት በኋላ ባልሽን ይቅር አልሽው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላልኩም። እሱ ያፈረው ለአንድ ደቂቃ ነው፤ እኔ ክኒኑን ጠዋትና ማታ እውጣለሁ።