ምንም ያላደረገችው አህያ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ስለ እኔ ሁለት ነገር ይወራል። አንደኛው፣ በሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት አገልግሎቴ አንዲት ሪፖርት እንኳ ከቀኗ አሳልፌ አለማወቄ ነው። ሁለተኛው፣ ሞተር ሳይክል የማይሆነኝ ገደ ቢስ ሰው መሆኔ ነው። የመጀመሪያው እውነት ነው። ሁለተኛውን ለመሻር ግን ጡረታ እስክወጣ መቆየትና በስድሳ አንድ ዓመቴ ድንጋይ በጫንቃዬ መሸከም ግድ ሆኖብኛል። ይህን የምጽፈው እንዲታዘንልኝ አይደለም። ዛሬም የምነዳ መሆኔ እንዲታወቅልኝ ነው።

ሥራዬ በየቀበሌው እየዞሩ የሰብልን ሁኔታ ማየትና መመዝገብ ነበር። ለዚህ ሥራ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሞተር ቀይ ነበር፤ ፓራፋንጎው ማለትም የጭቃ መከላከያው የፊት ጎማውን ሊነካ ምንም ያልቀረው፣ ለአስፋልት እንጂ ለገጠር መንገድ ያልተሠራ። በሰማንያዎቹ ማብቂያ ላይ በአንድ የሐምሌ ቀን ከቁይ ወደ አንድ ቀበሌ ስወርድ ዋልካ ያዘኝ። የዋልካን ጠባይ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። በየመቶ እርምጃው ወርጄ ጭቃውን በእንጨት መፈልፈል ነበረብኝ። እኔ ግን ሰዓት እቆጥር ነበር። ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል እየተጠቀጠቀ ሄዶ በመጨረሻ ጎማውን ቀጥ አደረገው። ሞተሩ ቆመ፤ እኔ አልቆምኩም። የወለቀ ትከሻዬን የቁይ ወጌሻ መለሰልኝ።

ሁለተኛው ሞተር ሲደርስበት እኔ እላዩ ላይ አልነበርኩም። ደጀን ላይ ከአንድ ሻይ ቤት ፊት አቁሜው ገብቼ ነበር። ከዓባይ በረሃ ሽቅብ ሲያቃስት የመጣ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲል ወጣበት። ብርጭቆዬን እንደያዝኩ በመስኮት አየሁት። በማግስቱ ማርቆስ ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል፤ የሌላ ሰው ሞተር ሲሄድ ይገጫል፣ የእርሱ ግን ቆሞም ይገጫል ተባለ።

ሦስተኛው የራሴ ነበር። ከደመወዜ እየቆጠብኩ የገዛሁት ስለሆነ በየእሑዱ አጥበው ነበር። ከቤታችን ፊት ለፊት መለዋወጫ የሚሸጥና ሞተር የሚጠግን ጎረቤት አለን፤ ሙስሊም ነው፣ በዕድሜም እኩያዬ ነው። አንድ ቀን ካቴናውን፣ የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት፣ በጣቱ ሳብ አድርጎ አየና፣ በጣም መላላቱን፣ ሳልቀይረው ደጀን እንዳልሄድ ነገረኝ። በሚቀጥለው ሳምንት አልኩት። ደጀን የማደርሰው ሪፖርት ነበረኝ፤ ቀኑም ያ ቀን ነበር።

ሪፖርቱን በሰዓቱ አደረስኩ። ስመለስ አንድ መታጠፊያ ላይ ካቴናው ከጥርሱ ወጥቶ የኋላ ጎማውን ነከሰው፤ ሞተሩ ተጋደመ፤ ቅልጥሜ ከሥሩ ሆኖ ተሰበረ። ከመንገዱ ዳር ጀርባዋን ሰጥታኝ ሣር የምትግጥ አንዲት አህያ ነበረች። እንኳን መንገድ ልትገባ ዞር ብላም አላየችኝ። ሰዎች እየሮጡ መጡ። አንዱ፣ አህያዪቱ ገብታባቸው ነው አይደል አለ። እኔም አዎ አልኩ።

ከዚያች «አዎ» ለመመለስ ጊዜ ነበረኝ። ሕመሙ በረታብኝ ብዬ አላመካኝም፤ በሳምንቱ ለመሥሪያ ቤቴ ስጽፍ ሕመሙ ቀንሶልኝ ነበር። «ድንገት መንገድ በገባች አህያ ምክንያት» ብዬ በጥንቃቄ፣ በጥሩ ጽሕፈት ጻፍኩ። ስለ ሌላው ሰው ቸልተኝነት ስንት ማሳሰቢያ የጻፈ ሰው በላላ ካቴና ወደቀ መባሉን አልፈለግሁም።

በሦስተኛው ሳምንት እግሬ በጀሶ ታስሮ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የአህያዪቱ ባለቤት መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች ከፊት፣ እርሱ ከኋላ፤ በጫንቃው ድንጋይ ተሸክሟል። በአገራችን ወግ በደለኛ እንዲህ ሆኖ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ደጃፌ ላይ ተንበረከከ። ሽማግሌዎቹ በተራ ተናገሩ፤ ረጅም ተናገሩ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። በመጨረሻ፣ «ይቅር ለእግዚአብሔር፤ ተነሣ» አልኩት። መረቁኝ። ካሳ አለመጠየቄ በሰፈሩ ሁሉ ተመሰገነ። ባለቤቴ ጠላ ቀዳችላቸው። እነሆ፣ ምንም ያላደረገን ሰው ይቅር ብዬ ተመሰገንኩ።

ግዝቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እግሬ ድኖ የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩን ቤታችን በመጡ ቀን፣ ባለቤቴ እግራቸው ላይ ወድቃ እንዲገዝቱኝ ለመነቻቸው። ሦስት ጊዜ የተረፈ ሰው አራተኛውን መጠበቅ የለበትም፤ ሞተር አይሆነውም፤ ገድ የለውም አለች። አባም መስቀላቸውን አንሥተው፣ ዳግመኛ ሞተር ላይ እንዳልወጣ ገዘቱኝ። ምን ብዬ ልከራከር? ነገሩ ጥፋት ቢሆን ይታረም ነበር። ገድ ግን አይታረምም፤ ገደ ቢስነቱንም በገዛ አፌ የመሰከርኩት እኔ ነኝ። ራሴን ዝቅ አድርጌ መስቀል ተሳለምኩ።

አሥራ አንድ ዓመት በእግሬ፣ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ጫፍ ተንጠልጥዬ ሠራሁ። የከተማው ሰው ግን አልረሳም። አዲስ ሞተር የገዛ ወጣት በአጠገቤ ሲያልፍ፣ በዓይንህ እንዳታየው ብለው የሚቀልዱብኝ ነበሩ። እስቅ ነበር። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ጥቅምት፣ አገር ቤቱ ሲደርቅ፣ አንድ ያገለገለ ሞተር ገዛሁና ግቢዬ ውስጥ አቆምኩት። ባለቤቴ ዞራ አየችው። «ዶሮ የሚሰፍርበት ከሆነ ይቁም» ብላ ገባች።

ግዝት አፍርሼ የምነዳ ሰው አይደለሁም። በሚኒባስ ቁይ ሄጄ፣ ከዚያ በእግሬ አባ ወደሚያገለግሉበት ደብር ወጣሁ። አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ግዝቱ እንዲፈታልኝ የምለምንበትን ምክንያት በአንድ ገጽ በተራ ቁጥር ጽፌ ነበርና አነበብኩላቸው። የመጀመሪያው አደጋ የዋልካና የፓራፋንጎ ጉዳይ እንደሆነ፣ ሁለተኛውም የሾፌሩ ጥፋት እንደሆነ፣ እንግዲህ ገድ የሚባል ነገር በሁለቱም ውስጥ እንደሌለ አስረዳሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ሦስተኛውን ዘለልከው፣ ልጄ» አሉ።

ወረቀቱን አጠፍኩት። በጽሑፍ ያልነበረውን በቃሌ ነገርኳቸው፤ ካቴናውን፣ ጎረቤቴ የነገረኝን፣ «አዎ» ያልኩትን፣ ሰውዬው ደጃፌ ላይ ተንበርክኮ ሳለ ዝም ማለቴን። ያን ጊዜ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እኔ የገዘትኩህ ገድ ፈርቼ አይደለም፤ ያማ የባዕድ አምልኮ ነው። ባለቤትህ ስላለቀሰች ነው። ይህን ለእኔ መንገርህም መልካም። ነገር ግን ያ ሰው ድንጋይ የተሸከመው ለእኔ አልነበረም። መጀመሪያ ከእርሱ ታረቅ። ከዚያ ያስገዘተችህን ይዘህ ና፤ ያለ እርሷ ቃል አልፈታም።»

መንገድ ላይ ሳስበው ነገሩ ይህ ነበር፤ ሞተሩን ላገኝ ከፈለግሁ ሠላሳ አንድ ዓመት የገነባሁትን ስም መስጠት አለብኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከደብሩ ወርጄ ቁይ እስክደርስ ሞተሩን ልሸጠው ወስኜ ነበር። ሚኒባሱ ላይ ግን አንድ የማውቀው ሰው አጠገቤ ተቀመጠና፣ ሞተር ገዙ አሉ፣ እንዴት ደፈሩ፣ ለእርስዎ እኮ አልተጻፈልዎትም አለኝ። ያን ጊዜ ሐሳቤን ለወጥኩ። አልተጻፈልዎትም! እኔ ነኝ እንጂ የጻፍኩት፤ በራሴ እጅ፣ በጥሩ ጽሕፈት። ገደ ቢስ ተብዬ ከምከበር ጥፋተኛ ተብዬ ብነዳ ይሻለኛል አልኩ።

ለባለቤቴ በዚያው ምሽት እራት ላይ ነገርኳት። ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። በሦስተኛው ጠዋት ቆማ አየችኝ።

«አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አህያ ስረግም ዝም ብለህ ትሰማ ነበር?»

ሁለት ሽማግሌ ያስፈልገኝ ነበር። አንደኛው የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ነበሩ። ሁለተኛው ያ መካኒክ ጎረቤቴ ነው፤ ነገሩን ስነግረው ጢሙን አሻሸና፣ ካቴናው መሆኑን ያኔውኑ ሞተሩን ሳነሣው አውቄ ነበር አለ። ለምን ለማንም እንዳልተናገረ ብጠይቀው፣ «እርስዎ ካልተናገሩት እኔ ምን አግብቶኝ» አለኝ። ያሳፈረኝ ይህ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ።

መታጠፊያው ጋ ከአውቶቡስ ወርደን የሰውዬውን ቤት ጠየቅን። ድንጋዩን ከመንገዱ ዳር መርጬ አነሣሁ፤ ቀላል እንዳይሆን ጎረቤቴ ዓይኑን አልነቀለብኝም። ሰውዬው ጤፍ አጭዶ ይከምር ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል። በመጀመሪያ አላወቀኝም፤ ጫንቃዬ ላይ ድንጋይ ሲያይ ደነገጠና፣ ጌታው ምን ሆነዋል እያለ መጣ። ተንበረከክሁ። ሽማግሌዎቼ እንዲናገሩልኝ አልጠበቅሁም። አህያዎ አልነካችኝም፣ መንገድም አልገባችም፣ የወደቅሁት በራሴ ቸልተኝነት ነው አልኩ። ደጃፌ ላይ በተንበረከከ ቀን ግን አንተ ብዬው ነበር።

ገለባውን ከእጁ አራገፈ። ከዚያ፣ «እኔ እኮ በሳምንቱ ሸጥኳት» አለ። «ገደ ቢስ ናት፣ ሰው ትገድላለች ብለው ጎረቤት አስቸገሩኝ። ሰባት ዓመት ጭነት ጥላብኝ የማታውቅ አህያ ነበረች።»

ለካስ ከገደ ቢሶቹ አንዱ ብቻ ነበርኩ። የዕድር ዳኛው፣ እኚህ ሰው በዕድሜ ገፍተዋል፣ ድንጋዩን ያንሡላቸው አሉ።

«ያኔ እኔ ለምን ያህል ጊዜ እንደተንበረከክሁ ያውቃሉ?» ብሎ እኔን ጠየቀኝ።

አላውቅም አልኩ።

«እኔም አላውቅም። ጉልበቴ ግን ያውቃል። ትንሽ ይቆዩ።»

ቆየሁ። ያ የተሰበረ ቅልጥሜ ከድንጋዩ ይልቅ ከበደኝ፤ ነገር ግን ተነሡ እስክባል ራሴን ቀና አላደረግሁም። ሲበቃው በሁለት እጁ ድንጋዩን አንሥቶ ወደ ማሳው ዳር የድንጋይ ካብ ወረወረና፣ ይቅር ለእግዚአብሔር አለ። ቆሎ አቀረበልን። ስንወጣ እስከ መንገዱ ሸኘን፤ መታጠፊያውን እያሳየ፣ «እዚህ ጋ ቀስ ይበሉ፤ አሁን ያለችኝ አህያ እንደ ፊተኛይቱ ጨዋ አይደለችም» አለ።

በሳምንቱ ከባለቤቴ ጋር ወደ አባ ሄድን። ቃሏን ጠየቋት። መልሷን መንገዱን ሁሉ ስታዘጋጅ የቆየች ይመስለኛል፤ አንዲትም ቃል አልተንተባተበችም።

«ይፍቱት፣ አባ። ገደ ቢስ ነው ብዬ ነበር የፈራሁት፤ በገድማ ማን ያዝበታል። ቸልተኛ ከሆነ ግን እኔ አለሁለት።»

ፈቱኝ። በማግስቱ ሞተሩን ከግቢ ሳወጣ የሰፈሩ ሰው በየአጥሩ ቆሞ ያየኝ ነበር። አንዲት ጎረቤት አማተበች። እኔም ሰላምታ ሰጥቼ አለፍኩ፤ እስከ ቁይ ነዳሁ፤ ዋልካው ደርቆ እንደ ሸክላ ይንኳኳ ነበር። ታሪኩን ለጠየቀኝ ሁሉ አንድም ሳልቀንስ እነግራለሁ፤ አንዳንዱ ከዚያ ወዲህ ባርኔጣውን ዓይኑ ላይ ደፍቶ ነው የሚያልፈኝ። አይቆጨኝም። ከተማው ስለ ካቴናው ሰምቶም ዛሬ ድረስ ሞተር አይሆነውም ይላል። ይበል። በየጥቂት ቀኑ ቁይ፣ ጉንደ ወይን፣ ደጀን እሄዳለሁ፤ መታጠፊያው ላይ ቀስ እላለሁ።

ባለቤቴ በሩን የምትከፍትልኝ ግን ወዲያው አይደለም። ካቴናው ስንት ጣት መርገብ እንዳለበት ጎረቤታችንን ጠይቃ ተምራለች። አጎንብሳ በጣቷ ትጫነዋለች፤ ካልጣማት ሞተሩን አጥፍቼ እወርዳለሁ፣ ክርክር የለም። ሲጥማት ግን ቀና ትልና፣ የጠቆረ ጣቷን በኮቴ እጅጌ ላይ ጠርጋ፣ በሩን ወለል አድርጋ ትከፍተዋለች።