ግራና ቀኙ የተስተካከለበት ዓርብ

ባለፈው ሳምንት አምፖል ልገዛ ጂቡቲ፣ ካርቲየ 5 በሚሉት ሰፈር ወደሚገኝ የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ገባሁ። ሻጩ ለአንድ ደንበኛ ቴፕ እያስሞከረ ነበር። ደንበኛው በሁለቱ ስፒከሮች መካከል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ሻጩ ባላንስ የሚሉትን ማዞሪያ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እያዞረ፣ «አሁንስ? አሁንስ እኩል ሆነልህ?» ይለዋል። ደንበኛው አንገቱን በትንሹ ዘንበል አደረገ። አምፖሉን ሳልገዛ ወጣሁ። ሙያዬ ፊዚክስ ማስተማር ነው፤ ስለ ድምፅ ሞገድ ያለ ማስታወሻ ለሰዓታት መናገር እችላለሁ። ያንን ጥያቄ ግን ቆሜ ማድመጥ አልችልም።

ነገሩ የሆነው ባቡሩ ከድሬዳዋ ጂቡቲ ገና ሰው ያመላልስ በነበረበት ዘመን ነው። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቴን አዲስ አበባ ጨርሼ ለክረምት ዕረፍት ወደ ቤት ተመልሼ ነበር። አዲስ አበባ ክረምት የሚሉት ጊዜ ጂቡቲ የኻምሲን ወራት ነው፤ ነፋሱ አቧራውን በመስኮቱ ስንጥቅ እያሾለከ ያስገባል፣ የበሉት ሁሉ ጥርስ ውስጥ ይንቀጫቀጫል፣ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ ሻይ ቅጠል ብቻ የቀረው ይመስላል። እኔ ግን ሙቀቱ አልታወቀኝም ነበር። አንድ ዓመት የተማረ ሰው የሚሰማውን ሙላት ከዚያ በኋላ በየትኛውም ማዕረግ አላገኘሁትም።

አባቴ ተፈራ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ሳለ አውሮፕላን የወደደ ሰው ነበር። አምቡሊ ባለው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ያረፉትን አውሮፕላኖች በእጁ ምልክት እየመራ ወደ መቆሚያቸው ያስገባል፤ ሲነሡም በጆሮ ማዳመጫ ከአብራሪው ጋር እየተነጋገረ ይሸኛቸዋል። ቢጫ ሰደርያው ታጥቦ ሲደርቅ እናቴ «ካባህ ደርሷል» ትለው ነበር። ቀልድ ነበር፤ እሱ ግን እንደ ካባ ነበር የሚለብሰው።

ቤታችን ካርቲየ 6 ነበር። ከክፍሎቹ አንዱ ጂቡቲዎች መብረዝ የሚሉት ነው፤ በሦስት ግድግዳ ዙሪያ ፍራሽና መከዳ የተደረደረበት፣ ወንዶች ከሰዓት በኋላ የሚሰበሰቡበት። በሌላው ቤት መብረዝ የጫት ነው። በእኛም ቤት ጫቱ አልቀረም፤ ዋናው ጉዳይ ግን ማዳመጥ ነበር። በአራተኛው ግድግዳ ሁለት ትልልቅ ስፒከሮች ቆመዋል፤ አባቴ ያረጁ ዘፈኖች የተቀዱባቸውን ካሴቶች በየዓርቡ፣ በዕረፍት ቀኑ፣ ለወዳጆቹ ያሰማ ነበር።

በመብረዝ ማንም እንዳሻው አይቀመጥም። የባለቤቱ ቦታ በር አጠገብ ነው፤ የሚገባውን ይቀበላል፣ ውሃና ሻይ ያዛል። አባቴ ግን በገዛ ቤቱ ከበሩ ርቆ፣ ቀኝ ትከሻውን ከግድግዳው አስጠግቶ ማዕዘን ይዞ ይቀመጥ ነበር። የበሩን ቦታ የያዘው ጋሽ ታደሰ ነበር፤ የአባቴ የልጅነት ጓደኛ፣ የሬዲዮና የቴፕ ጠጋኝ። ማንም ይህ ለምን ሆነ ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። እኔም የአባቴ ትሕትና መስሎኝ አልፌዋለሁ።

የአባቴ ብሶት አንድ ነበር፤ ቀኙ ስፒከር ይደክማል። ባላንሱን ወደ ቀኝ ያዞራል፣ ጥቂት ያዳምጣል፣ ደግሞ ያዞራል። ጋሽ ታደሰ ስፒከሮቹ የተሰኩበትን ማጉያ እየወሰደ «ሽቦው ነበር፣ ቀይሬልሃለሁ» ብሎ ይመልስለታል። ለጥቂት ዓርብ ዝም ይላል፤ ከዚያ ያው ብሶት ይመለሳል።

በዚያ ዓርብ ሼፍ ሁሴን ከጁምዓ ሶላት መልስ ከየመኖቹ ምድጃ የወጣ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ፤ ለሁለት የተሰነጠቀ፣ በርበሬው ከላዩ ያረረ፣ ከትኩስ ቂጣ ጋር። ሼፍ በፈረንሳይኛ አለቃ ማለት ነው፤ እንዲህ የምንለው በአውሮፕላን ማረፊያው የአባቴ አለቃ ስለ ነበረ ነው። ጂቡቲያዊ ቢሆንም ያደገው ድሬዳዋ ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይልቅ ይጣፍጣል።

«ሰብልዬ» አለኝ አባቴ፣ «የተማርሽው ይኼንኑ አይደል? እስቲ ይኼን ቀኝ ስፒከር አንድ በይልኝ።»

«ተው እንጂ ተፌ» አለ ጋሽ ታደሰ። «ልጅቷ ገና ከመንገድ መግባቷ ነው። ትብላበት።»

«ዓሣው ይቀዘቅዛል፤ ፊዚክሱ አይቀዘቅዝ» አለ ሼፍ ሁሴን።

ሳቁ። ያ ሳቅ አናደደኝ። ተነሥቼ ባላንሱን መሃል ላይ አደረግሁት። ለዓመታት ተውጦ የነበረው የግራው ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ኧረ! ይኼ ዘፈን አኮርዲዮን ነበረው እንዴ?» አለ ጋሽ ታደሰ። ወዲያው አፉን በቂጣ ሞላ።

«ምን ማለትህ ነው?» አለ አባቴ። «ሁልጊዜ አለ አይደል? እኔ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። የጠፋው ቀኙ ነው።»

ሥርዓቱን ጠብቄ ቀጠልኩ። በመጀመሪያ የሁለቱን ስፒከሮች ሽቦ አቀያየርኩ፤ ጥፋቱ የማጉያው ከሆነ ድካሙ ወደ ግራ መሻገር አለበት። አልተሻገረም፤ አባቴ አሁንም «ቀኙ ነው» አለ። ቀጥሎ ስፒከሮቹን እያንፏቀቅሁ ራሳቸውን አለዋወጥኩ፤ የሚደክመው አሁንም በቀኝ የቆመው ነበር። የቀረው ክፍሉ ነው፤ ማዕዘኑ ወይም ክፍቱ በር ድምፁን ይውጠው ይሆናል።

«ሰብለ፣ ይብቃሽ» አለ ሼፍ ሁሴን። «ሰው በገዛ ቤቱ እንደ ወደደ ይስማ።»

ሳይንስ የማይገባው ሰው አስተያየት ነው ብዬ ናቅሁት። ወንበር አምጥቼ አባቴን ክፍሉ መሃል አስቀመጥኩት፤ ጀርባውን ለስፒከሮቹ እንዲሰጥ ነገርኩት። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ጉድለቱ የክፍሉ ከሆነ፣ ሰውየው ሲዞር ደካማው ወገን በግራው በኩል ይመጣል።

«ተፈራ፣ አትዙር» አለ ሼፍ ሁሴን፣ ዝግ ባለ ድምፅ። ከቀኙ ስለ ነበረ አባቴ አልሰማውም።

«አባዬ፣ አሁን የሚደክመው የቱ ነው?»

አባቴ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳው እንደ ሆነ፣ ቀኝ እጁን አነሣ። «ይኸው፣ ቀኙ።» እጁ የጠቆመው እስከዚያች ሰዓት ደህና ነው ሲለው ወደ ነበረው ስፒከር ነው።

«ተረጋገጠ» አልኩ፤ ቃሉ ዛሬም በዚያው ቅላጼ ይሰማኛል። «ማጉያው ጤነኛ ነው። ክፍሉም ጤነኛ ነው። የደከመው የአባዬ ቀኝ ጆሮ ነው።»

ካሴቱ መዝፈኑን ቀጠለ። ማንም አልዘጋውም። አባቴ ወደ እኛ አልዞረም።

«እህ» አለ ወደ ግድግዳው። ቆይቶ ደግሞ፣ «ልክ ነሽ። ጎበዝ ልጅ።»

ሼፍ ሁሴን ተነሥቶ ጫማውን አጠለቀ። እናቴ ሻይ ይዛ በሩ ላይ ስትገናኘው በእጁ ምልክት መለሳት። ተከትዬው ወጣሁ፤ ምስጋና ሳልጠብቅ አልቀረሁም።

«እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር፣ ልጄ» አለኝ። «አሁን ነገርሽኝ።»

«ያውቁ ነበር ማለት ነው?»

«አላውቅም ነበር አልኩሽ እኮ።» ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ። «ነገ ጠዋት ለሐኪም እልከዋለሁ። በሰው ፊት የተነገረኝን አልሰማሁም ማለት አልችልም።»

የገባኝ ማታ፣ እናቴ ዕቃ እያጠበች ስትናገረኝ ነው። «ሁልጊዜ ከግራው የምሄደው ለምን ይመስልሻል? ሁሴን በቀኙ በኩል ሌላ ሰው ሳያቆም ሜዳ ላይ አውጥቶት ያውቃል? ታደሰስ መቼ ሽቦ ቀይሮ ያውቃል? አቧራውን አራግፎ ነው የሚመልሰው!» ሳህኑን ከሳህን አጋጨችው። «አንቺን ምን እንበልሽ? ሊቅ ሆነሽ መጣሽ!»

ሐኪሙ ያለው እኔ ያልኩትን ነው። አባቴን ከአውሮፕላኖቹ አንሥተው መስኮት የሌለው የሻንጣ መጋዘን አስገቡት። ወደ አዲስ አበባ ከመመለሴ በፊት ሰደርያውን አጣጥፎ ሲያስረክብ አየሁ። መጋዘኑ ውስጥ እስከ ተከታዩ ኻምሲን እንኳ አልቆየም፤ ለቀቀ። ሼፍ ሁሴን ከዚያ ወዲያ ቤታችን አልመጣም። ጋሽ ታደሰ ለጥቂት ጊዜ መጣ፤ ግን ከአባቴ ግራ ተጠግቶ እየጮኸ ያወራው ጀመር። «አልደነቆርኩም እኮ!» አለው አንድ ቀን አባቴ። ከዚያ እሱም ቀረ።

እኔ ትክክል ነበርኩ። ከቀኙ የሚመጣውን የማይሰማ ሰው በሚዞር ሞተር መካከል መቆም የለበትም፤ አንድ ቀን ራሱን ወይም ሌላውን ያስፈጅ ነበር። ይህን ክርክር ለዓመታት አገላብጬ መርምሬዋለሁ፤ ቀዳዳ የለውም። ጸጸት ግን ቀዳዳ ፈልጎ አይደለም የሚገባው። ያንኑ ውጤት በማግስቱ፣ ለብቻው፣ በደህናው ጆሮው ልነግረው እችል ነበር፤ ለአለቃው መቼና እንዴት እንደሚናገር የሚመርጠው እሱ ይሆን ነበር። እኔ ግን ታዳሚ ፈለግሁ። እነሱንም ይቅር አላልኳቸውም፤ ወዳጅ ሁሉ ጠብቆ የያዘውን ምሥጢር ለገዛ ልጁ ማንም አምኖ አልነገራትም። ምናልባት ያውቁኝ ነበር።

አባቴ ዛሬ ከእኔ ጋር ይኖራል። ትናንት ምሳ ላይ የወንድሜ ልጅ፣ «አባባ፣ ከኤርፖርት ለምን ወጣህ?» ብላ ጠየቀችው።

«ሙቀቱ ነዋ!» አላት። «ያ ቢጫ ልብስ ከነቆዳዬ ሊገፈፍ ሲል ጥዬው መጣሁ።»

ለጠየቀው ሁሉ የሚሰጠው መልስ ይህ ነው። እኔ ባለሁበት ደግሞ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ እንዳያመልጠኝ። በተማሪዎቼ ወረቀት ላይ ከዚህ ያነሰ ስሕተት አይቼ ያለፍኩበት ጊዜ የለም።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። «እውነቱን ነው፣ አክስቴ?»

«በጣም ይሞቅ ነበር» አልኳት።