ባንቺአየሁ የሣለቻት መኪና

ባንቺአየሁ የወንድሟን መኪና ያቃጠለችው ማክሰኞ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሐይፋ አጠገብ ባለችው በነሸር ከተማ፣ ወንድሟ ክንፉ ከሚኖርበት ሕንጻ ሥር ቆማ የነበረችውን መኪና በመስኮቷ አጮልቃ ሰው እንደሌለባት ሁለት ጊዜ አረጋገጠች፤ ቤንዚን አርከፈከፈችባት፤ ክብሪት ጫረች። ከዚያ የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ፖሊሶቹን ጠበቀች። ሲዘገዩባት ራሷ ደወለች።

ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከጎንደር እስራኤል ከመጣች ጀምሮ ሐይፋ፣ ሀዳር ሰፈር ውስጥ ትኖራለች። ሥራዋ መጣፔለት ነበር፤ የሰው ሽማግሌ ማጠብና ማብላት። አንድ ቀን የአንዲት አሮጊት እግር ስታሽ ስትውል፣ ታናሽ ወንድሟ ክንፉ ሳይነግራት እናታቸውን ክርያት ቢያሊክ ወዳለ የአረጋውያን መጦሪያ አስገባቸው። እናትየው እዚያ ሁለት ወር ኖሩና ሞቱ። ባንቺአየሁ ሰባቱን የለቅሶ ቀን በሥርዓቱ ጨርሳ፣ በስምንተኛው ቤንዚን ገዛች።

ዳኛዋ አሥራ አራት ወር ፈረደችባት።

እስር ቤት ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ የሥዕል ትምህርት አለ ሲባል ተመዘገበች። ማቀዝቀዣው የሚሠራው እዚያ ክፍል ብቻ ስለነበር ነው። አስተማሪዋ ሊኦራ ቀስ ብላ የምትናገር ቀጭን ሴት ናት። በመጀመሪያው ቀን ለሁሉም ወረቀትና የሥዕል ከሰል አደለች።

ባንቺአየሁ ከሰሏን አገላብጣ አየች። «በእሳት ለታሰረ ሰው ከሰል ትሰጫለሽ?»

ሊኦራ ወደ ጠባቂዋ ዞረች። ጠባቂዋ ትከሻዋን ሰበቀች።

«ቤሰደር፣ እሺ» አለች ሊኦራ፤ «የመጣልሽን ሣዪ።»

የመጣላት መኪናዋ ነበረች። አምስት ወር ሙሉ እሷኑ ሣለች። ሊኦራ አጠገቧ ቁጢጥ ብላ «ቁጣሽ እየወጣልሽ ነው፣ አየሽ?» ስትላት፣ «ጎማው ክብ አልሆን አለኝ» ብላ መለሰች። እውነቷን ነው። ጎማው ድንች ይመስል ነበር።

በስድስተኛው ወር ጎማው ክብ ሆነ። ያን ቀን ሊኦራ «ውስጧ ማነው ያለው?» ብላ ጠየቀቻት።

«ማንም። ባዶ ነበረች። ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።»

«ያን ቀን አላልኩሽም። ሌላ ቀንስ?»

ባንቺአየሁ ከሰሏን አስቀመጠች። ሌላ ቀን እናቷ ነበሩባት። ክንፉ በሳምንት ሦስቴ ለኩላሊት እጥበት ሆስፒታል የሚያመላልሳቸው በዚያች መኪና ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። እሷ አንድም ቀን አብራቸው አልሄደችም፤ ሥራ ነበራት። ነገሩን ታውቀዋለች፤ ብቻ ቁጭ ብላ አስባው አታውቅም። ከሰሏን አንሥታ ከሹፌሩ ጎን ነጠላ የተከናነቡ አንዲት ትንሽ ሴትዮ ሣለች፤ የመኪናው ቀበቶ አንገታቸው ድረስ ወጥቶባቸዋል። ከዚያ አለቀሰች። ልቅሶው ስላልለመደባት ጠባቂዋ ያመማት መስሏት ውሃ አመጣችላት።

በአሥረኛው ወር በመልካም ጠባይ ተለቀቀች። ሊኦራ የሴቶቹን ሥዕሎች ሀዳር ባለ አዳራሽ ስትሰቅል፣ ባንቺአየሁ ለክንፉ መልእክት ላከች፤ ቦታውንና ሰዓቱን ብቻ።

መጣ። እስር ቤት ሊጠይቃት አንድም ቀን አልሄደም ነበር። እናታቸው ያሉባት መኪና ሥዕል ፊት ሄዶ ቆመ።

«ቀበቶው እንዲህ አልነበረም» አለ።

«እንዴት ነበር?»

«ያንቀኛል ትል ነበር። በክንዷ ሥር ነው የማሳልፍላት።»

«አላወቅሁም።»

«እንዴት ብለሽ ታውቂያለሽ?» አለ፤ ተቆጥቶ አይደለም። «እታለም፣ እማዬ መታጠቢያ ቤት ሦስት ጊዜ ወደቀች። ሦስቱንም ጊዜ ደወልኩልሽ።»

«ሥራ ላይ ስልክ አናነሣም።»

«አውቃለሁ።»

«ቢሆንም ሳትነግረኝ መውሰድ አልነበረብህም።»

«አልነበረብኝም» አለ ክንፉ። «ፈርቼሽ ነው።»

ፍርሃቱ መሠረት እንደነበረው ሁለቱም ስለሚያውቁ ማንም አልተከራከረም።

ባንቺአየሁ ሥዕሉን ከግድግዳው አውርዳ ወንበር ላይ አጋደመችው። ሊኦራ «ገና ሰው እየገባ ነው» ብትላት አልሰማችም። ቀበቶውን በላጲስ አጠፋች። ክንፉ ጎንበስ ብሎ መስመሩን በጣቱ እያሳያት፣ እንደገና ሣለችው።

በመዝገቧ ምክንያት የቀድሞ ሥራዋን መልሳ አላገኘችም፤ አሁን ልብስ ማጠቢያ ቤት ትሠራለች። ሰኞ ሰኞ ከእስር የወጡ ሴቶች ማረፊያ ሄዳ ሊኦራን በሥዕል ትምህርቱ ታግዛለች። ክንፉ ዓርብ ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ ይደውልላታል። ብዙ አያወሩም። ባለፈው ዓርብ ግን የእናታቸው መቃብር ድንጋይ ላይ ምን እንደሚጻፍ አልተስማሙምና ሃያ ደቂቃ ተጨቃጨቁ። እሑድ አብረው ድንጋይ ጠራቢው ዘንድ ሊሄዱ ቀጠሮ ይዘዋል።