የመምህር መሐሙድ ምሳሌ

መምህር መሐሙድ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ሒሳብ ሲያስተምር የሚኮራበት አንድ ትምህርት ነበረው። «ከአንድ እስከ አምስት ያለውን ድምር ለማወቅ፣ እስከ አራት ያለውን ጠይቁና አምስት ጨምሩበት። አራትም ሦስትን ይጠይቃል፤ ሦስትም ሁለትን። አንድ ግን ማንንም አይጠይቅም። መልሱ ከእሱ ተነስቶ፣ እየተደመረ ይመለሳል።»

በ1955 ዓ.ም. አንድ ቀን ምሳሌ አማረው። የሶማሌ ልጅ አባቶቹን እስከ ጎሳው መነሻ ይቆጥር የለ? «እኔ መሐሙድ የአብዲቃድር ልጅ ነኝ፤ አብዲቃድር የሙመድ፤ ሙመድ ደግሞ የ...» አለና ቆመ።

ጠመኔው እጁ ላይ ቀረ፤ የሙመድን አባት አያውቅም። ልጅ ሳለ፣ ሽርጥ ለባሹ አባቱ «ና፣ አባቶችህን ቁጠር» ሲሉት አፍሮባቸው የፈረንሳይኛ መጽሐፉን አንስቶ ይወጣ ነበር። አሁን ከተቀበሩ ሰነበቱ።

ከክፍሉ ልጆች ብዙዎቹ የአባቶቻቸውን ስም በአንድ ትንፋሽ ይዘልቁታል። ግን ማንም አልሳቀም፤ አቀረቀሩለት። ይህ ከሳቅም የባሰ አንገበገበው።

ከተማሪዎቹ ሃዎ ብቻ ምሳሌው የገባት መስሏት እጇን አወጣች። የድሬዳዋ ልጅ አንቱ አይልም።

«ታዲያ መምህር፣ አንድ አንተ ነህ ማለት ነው? ማንንም አልጠየቅህማ!»