በቀኝ ደረት ያለው ኪስ

እርጥብ ሱፍ በጋለ ካውያ ሲተኮስ አንድ የተለየ ሽታ ይወጣዋል። ትንሽ የበግ፣ ትንሽ የከሰል፣ ትንሽ የዝናብ ሽታ ነው። ባለፈው ሳምንት እዚሁ አሰላ፣ ከአንድ የልብስ ንጽሕና ቤት በር ላይ ይህ ሽታ ተቀበለኝና እግሬ ቀጥ አለ። በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ፣ ብል እንዳይበላው ብዬ፣ የአባቴን ኮት ይዤ የምሄድበት ቤት ነው። ዘንድሮ አዲስ ልጅ ቀጥረዋል። ልጁ ኮቱን ባንኮኒው ላይ ዘርግቶ ሲያገላብጥ ቆየና፣

«እማማ፣ ይሄ በቀኝ በኩል ያለው የደረት ኪስ ያለ ቦታው ነው የተሰፋው። በግራ ደግሞ ደህና ኪስ አለው። ልተርትረው እንዴ?» አለኝ።

«ንካውና ውርድ ከራሴ!» አልኩት።

ደነገጠ፣ ምስኪን። ምን ያድርግ፣ ለማያውቅ ሰው ስህተት ይመስላል። ከኋላዬ ወረፋ የሚጠብቁ ሰዎች ስለነበሩ ቆሜ ላጫውተው አልቻልኩም። ለእናንተ ግን ላውጋችሁ።

አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ያኔ አሰላ በጋሪ ደወልና በፈረስ ኮቴ የምትነቃ፣ ክረምት ሲሆን ጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ለሳምንታት የማይታይባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ጸሐፊ ማለት በዚያ ዘመን የተከበረ ሰው ነው፤ ባለጉዳይ ከጎበሳ ድረስ በበቅሎ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ይቆምለታል። ክብሩ ትልቅ፣ ደመወዙ ትንሽ፣ ኮቱ አንድ ነበር። ኮቱ ለሠርጉ የተሰፋ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ኮት ሲሆን፣ እኔ ነፍስ ባወቅኩበት ጊዜ ትከሻው አመድ መስሎ፣ ክርኑ ሳስቶ፣ ሰማያዊነቱ የሚታወቀው በወሬ ብቻ ነበር።

በዚያች ደመወዝ እኛን ያኖረችን እናቴ ናት። እንዴት እንደምታደርገው ዛሬም ሳስበው ይገርመኛል። በእኛ ቤት ክብሪት የሚጫረው የጎረቤቱ ምድጃ ሁሉ የጠፋ ዕለት ነው። ጠዋት ጠዋት ገል ይዤ ከጎረቤታችን ከአርሲዋ ሴትዮ ቤት እሳት ለመጫር እላካለሁ። እሷም በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ» ብላ፣ ደህና ማደሬን ጠይቃ፣ ፍሙን ከአመዱ ውስጥ ቆስቁሳ ትሰጠኛለች። በሌላ ቀን ደግሞ የእሷ እሳት ጠፍቶ ልጇ ወደኛ ትመጣለች። የሳሙና ስባሪ አይጣልም፤ በቁራጭ ጨርቅ ተቋጥሮ እስኪያልቅ ይታሸት ነበር። ኩራዝ የሚበራው እኔ ላጠና ብቻ ነው። እናቴ ጥጥ የምትፈትለው በጨለማ ነበር። አባቴ «ዓይንሽን አታጥፊ፣ ወደ መብራቱ ቅረቢ» ሲላት «እንዝርት ምን ዓይን አለው ብለው ነው?» ትለዋለች።

ስስታም ነበረች እንዳትሉኝ። እንግዳ ሲመጣ ያቺው ሴት ለፋሲካ ያስቀመጠችውን ቅቤ ሳትሰስት ታወጣዋለች፤ እንግዳው ከሄደ በኋላ እኛ ጎመናችንን በጨው እንበላለን። አንድ ቀን እንኳን «የለንም» ስትል ሰምቼ አላውቅም። «ይደርሳል» ነበር የምትለው። የምታጠራቅመውን ገንዘብ ተልባ ማሰሮ ውስጥ ትቀብረው ነበር። ተልባ ሳንቲሙን ውጦ ስለሚይዘው አይንጫጫም፤ ሌባ ቢመጣ ማሰሮውን ቢነቀንቀው እንኳን ድምፅ አይሰማም። እኔም ብሆን የማውቀው እንዳልነካው አስምላኝ ነው።

የዚያ ዓመት ማሰሮ ጉዳይ የእኔ ጉዳይ ነበር። ስምንተኛ ክፍልን በጥሩ ውጤት አልፌ ነበር። ከዚያ በላይ ለመማር አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ፤ ለዚህ ደግሞ የአውቶቡስ መሳፈሪያ፣ ብርድ ልብስ፣ ዩኒፎርምና ጫማ ያስፈልጋል። በሌላ በኩል ከዴራ አንድ ባለ ሱቅ ለልጁ ሽማግሌ ልኮ ነበር። አባቴ እሺም እንቢም ሳይል «እናስብበት» ብሎ ሸኝቷቸዋል። ያን ዓመት ቤት ከተቀመጥኩ መልሱ እሺ እንደሚሆን እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች፣ ሽማግሌዎቹም ያውቃሉ።

ነሐሴ ላይ አዲስ ዳኛ ተሾመው መጡ። ጸሐፊዎቹን ሰብስበው፣ ከአዲስ ዓመት ጀምሮ ያረጀ የለበሰ ሰው ባለጉዳይ ፊት እንዳይቀመጥ፣ የተቀመጠም ሌላ ሥራ እንዲፈልግ ተናገሩ። ንግግሩን ሲያደርጉ ዓይናቸው የአባቴ ትከሻ ላይ እንደነበር አባቴ ራሱ ነው የነገረን። ያን ቀን ቤት ገብቶ ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠና ጫማውን ሳያወልቅ ብዙ ቆየ።

«ልጅቷ ለከርሞ ትቆይ፤ ያለችን ገንዘብ ለኮት ትሁን። ኮት ከሌለ ደመወዝ የለም፤ ደመወዝ ከሌለ ትምህርት የለም» አለ በመጨረሻ።

ክፋቱ፣ እውነቱን ነበር። ክርክር የሚገባበት ነገር ቢሆን ደስ ባለኝ። ከጓሮ ጎመኑ መሀል ገብቼ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጠቅጥቄ አለቀስኩ። እናቴ ያለችው «ይሁን» ብቻ ነው። እሷ «ይሁን» ስትል አንድ ነገር እያሰበች እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባቴ ጋቢውን ደርቦ ለቅሶ ሊደርስ ወጣ። «ኮቱን ላራግፍልዎት» ብላ አስቀርታው ነበር። እግሩ ከደጅ እንደወጣ በሩን ዘጋችና «ነይ፣ ያዥልኝ» አለችኝ። አንድ ግማሽ ምላጭ ከጣራው ሥር አወጣች። ኮቱን ከእጅጌው ጀምራ ትተረትረው ጀመር። ከአባቴ ኮት ይልቅ የራሱን ቆዳ ብትገፍ የሚቀል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አንድ ክር ሳትበጥስ እየሳበች እንጨት ላይ ትጠቀልላለች፤ ክሩም ተመልሶ ይሠራላ!

ገበሩ ተነሥቶ ጨርቁ ሲገለበጥ እጇ ቆመ። ውስጡ ፀሐይም አቧራም ያላየው፣ ልክ እንደ ማታ ሰማይ የጠቆረ ሰማያዊ ነበር። በመስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው።

«አየሽው? አባትሽን ሳገባው እንዲህ ነበር» አለች። ፊቷ የልጅ ፊት ሆነ። እናቴ አባቴን እንደምትወደው ያን ቀን ነው ያወቅኩት፤ ከዚያ በፊት አስቤውም አላውቅ።

አባቴ ሲመለስ ኮቱ አልጋው ላይ ተቆራርሶ ተዘርግቷል። እጅጌው ለብቻ፣ ጀርባው ለብቻ፣ ኮሌታው ለብቻ። ለረጅም ጊዜ አየው።

«ሰኞ ራቁቴን ልሄድ ነው?»

«ሰኞ ሙሽራ ሆነው ይሄዳሉ» አለችው፤ ቀና ብላም አላየችው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ የተተረተረውን ኮት በነጠላ ጠቅልለን፣ በካፊያ ውስጥ፣ ከአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ወደሚሰፋው ልብስ ሰፊ ሄድን። ከስልጤ አገር የመጣ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ነበር። ጨርቁን በሁለት ጣቱ መካከል አሸው፣ አሸተተው፣ ወደ ብርሃን አነሣው።

«እትዬ፣ ጨርቁስ ወላሂ አዲስ ነው። ግን ይወቁት፣ ሲገለበጥ ግራው ቀኝ ይሆናል። የቁልፉን ቀዳዳ ደፍኜ በወዲያ በኩል እከፍትልዎታለሁ። የደረት ኪሱን ግን ብደፍነው ጠባሳው ያስታውቃል። በቀኝ መቅረቱ ነው። ሰው አይቶ ይስቃል።»

«ይሳቅ። ሳቅ ኮት አይተረትርም» አለችው።

ሰውዬው ራሱ ሳቀና ሥራውን ጀመረ። መተርተሩን እኛው ስለጨረስንለት፣ ክሩንም ይዘንለት ስለመጣን፣ ከእጅ ዋጋው ላይ ብዙውን ቀነሰላት። እስኪጨርስ ድረስ ከበረንዳው አልተነሣንም። ሲመሽ ካውያውን በከሰል ሞልቶ፣ ውሃ በአፉ ጎንጭቶ ሱፉ ላይ እፍ እያለ ተኮሰው። ያ ሽታ ያን ጊዜ ነው ያደረብኝ።

ሰኞ ጠዋት አባቴ ለበሰው። በእርግጥም ሙሽራ መሰለ፤ ቁመቱ ራሱ የጨመረ መሰለኝ። ከዚያ እንደ ልማዱ ብዕሩን በግራ ደረቱ ሊሰካ ሲል ኪስ የለም፤ ብዕሩ ተንሸራቶ መሬት ወደቀ። እናቴ ብዕሩን አንሥታ ጠረገችና በቀኝ በኩል ሰካችለት።

«አሁን እዚህ ነው» አለችው።

ያን ቀን እስኪመሽ እናቴ በሩ ላይ ስትወጣ ስትገባ ዋለች። አባቴ ሲመጣ ከሩቁ አካሄዱን አይታ «ተመስገን» አለች። እራት ላይ አጫወተን። ዳኛው «አዲስ ኮት ነው?» ብለውታል፣ እሱም «አዎን ጌታዬ» ብሏል። ጎኑ የሚቀመጠው ጸሐፊ ግን ኪሱን አይቶ ሊስቅ ከንፈሩን ሲያላቅቅ፣ አባቴ ብዕሩን ከቀኝ ደረቱ ቀስ ብሎ፣ እንደ ጎራዴ መዝዞ፣ «ምን ልጻፍልህ?» አለው። ሰውዬው ሳቁን ዋጠው።

መስከረም ላይ እናቴ ተልባውን ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ደርሼ የታጠፉትን ብሮች ስዘረጋ ከውስጣቸው የተልባ ፍሬ ይረግፍ ነበር። ፍሬዎቹን አልጣልኳቸውም፤ የማን ልጅ ነኝና!

ለፋሲካ ስመለስ ገበያው መሀል አንድ ጎረምሳ አየሁ። አዲስ፣ ገና ከመርፌ የወጣ ኮት ለብሷል፤ የደረት ኪሱ በቀኝ ነው። ልብስ ሰፊውን ሰላም ልለው ስጠጋ እንባው እስኪወርድ ሳቀ።

«ያየሽው የዴራው ባለ ሱቅ ልጅ ነው። የጸሐፊው ዓይነት አድርግልኝ፣ የአዲስ አበባ ፋሽን ነው አለኝ። ኧረ አይደለም ብለው ማን ይስማኝ! ምን ላድርግ፣ ሰፋሁለታ! ከሱ ወዲያ ስንቱ መጣ መሰለሽ።»

ያ ልጅ ሽማግሌ የተላከለት ልጅ ነበር። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት ጉንጯን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና ሳቀች። አባቴ ግን ኮስተር ብሎ «ያምርበታል ወይ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ዓመታት አለፉ። አስተማሪ ሆንኩ። በመጀመሪያው ደመወዜ ከአዲስ አበባ ለአባቴ ኮት አሰፋሁለት፤ ጥሩ ሱፍ፣ ሰማያዊ፣ ያ የሠርጉ ዓይነት። ይዤ ስገባ እናቴ ዋጋውን እንዳልነግራት ለመነችኝ። አባቴ ለብሶ መስተዋቱ ፊት ቆመ። ብዕሩን አነሣና እጁ ወደ ቀኝ ደረቱ ሄደ። እዚያ ኪስ የለም፤ ኪሱ በግራ ነው። ጣቶቹ ለስላሳው ጨርቅ ላይ ወዲያ ወዲህ እያሉ ፈለጉ፣ እንደ ዓይነ ስውር። ከዚያ እኔን አየኝና እንዳይከፋኝ ብሎ፣ «እለምደዋለሁ ልጄ» አለኝ።

እናቴ ኮቱን ከትከሻው ላይ ተቀበለችው። የታችኛውን እጥፋት ፈትታ ከውስጡ ትንሽ ጨርቅ ቆረጠች፣ ያን በእንጨት የተጠቀለለ አሮጌ ክር ከሣጥኗ አወጣችና በቀኝ ደረቱ ላይ ኪስ ሰፋችለት። ክሩን እስከዚያ ቀን አስቀምጣው ነበር። አባቴ እስኪሞት ድረስ ብዕሩን ከዚያ ኪስ ሌላ ቦታ አልሰካም። እሷም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው።

ሁለቱንም አሁን ይበልጥ ነው የምወዳቸው። ልነግራቸው ብፈልግ የት ላገኛቸው።

ትናንት ያንኑ ኮት ልወስድ ወደ ንጽሕና ቤቱ ሄድኩ። ልጁ ተኩሶ፣ በፕላስቲክ ሸፍኖ አቀረበልኝ፤ ኪሱንም አልነካውም። ግን ፊቱ ላይ ሐፍረት አየሁ።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። የቀኙ ኪስ ሥር ያለው የቀለም እድፍ እንቢ አለ። ብዙ ሞከርኩ፣ አልለቀቀም።»

«እሰይ!» አልኩትና ኮቱን አቅፌ ወጣሁ።