ወይዘሮ ብዙነሽና የበረኪናው አስራ አራት ነጥቦች

ወይዘሮ ብዙነሽ ዘጠነኛ ክፍል ሊመዘገቡ ሲመጡ አርባ አራት ዓመታቸው ነበር። እኔ ከሳቸው በአስራ አንድ ዓመት አንሳለሁ። ስሜ ታዲዮስ ነው፤ ኮልፌ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት በሥራ ቀን ልጆችን፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ሠራተኛ አዋቂዎችን ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ይህ ታሪክ ግን የሳቸው ነው። ግማሹን እሳቸው ነግረውኛል፣ ግማሹን በዓይኔ አይቻለሁ።

ጎጃም ተወልደው በአስራ ሁለት ዓመታቸው አስኮ ወደሚኖሩት አክስታቸው መጡ። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሱ አክስታቸው ታመሙና ደብተሩ በዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ያልሠሩት ሥራ የለም። በመጨረሻ የረጉት ከጦር ኃይሎች ፌርማታ ጀርባ ባለ ቤርጎ ውስጥ ነው። አስራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሃያ ስድስት አልጋ አንሶላ አጠቡ። በሳሙና ይፈትጉታል፣ በረኪና ይነክሩታል፣ ያለቀልቁታል፣ ጣሪያው ላይ ያሰጡታል። ጓንት የሚባል ነገር አልነበረም። አንድ ጊዜ መታወቂያ ሊያወጡ ሄደው የአሻራው መሣሪያ ጣታቸውን አላነብ አለ። መዝጋቢዋ ልጅ አሥሩንም ጣት በየተራ እየጠረገች ግማሽ ሰዓት ታገለች።

«በረኪና በልቶት ነው፣ ልጄ፤ አትልፊ» አሏት። ይህን ሲነግሩኝ ይስቁ ነበር።

ሕይወታቸውን ያዞረው ነገር የደረሰው አንድ ማክሰኞ፣ ቀትር ላይ ነው። ማራናታ የምትባል የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ለጽዳት ከተቀጠረች ሁለተኛ ወሯ ነበር። ቤተሰቦቿ ጴንጤዎች ናቸው፤ እሷም ስትሠራ መዝሙር ከአፏ አይጠፋም። የዚያን ቀን ሽንት ቤቱን በአሲድ ስታጸዳ እድፉ አልለቅ አላት። አጠገቧ የነበረውን በረኪና አንስታ አሲዱ ላይ ደፋችበት። ሁለቱም ማጽጃ ናቸው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ይበረታሉ ብላ ነው።

ወይዘሮ ብዙነሽ ጣሪያው ላይ አንሶላ እያሰጡ መዝሙሩን ይሰሙ ነበር። በድንገት መሐል ላይ ተቋረጠ። ትንሽ ጠበቁ። አልቀጠለም። ደረጃውን እየሮጡ ወርደው በሩን ሲገፉ፣ ወለሉን ይዞ የሚንፏቀቅ፣ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ብጫ ነገር አዩ። ልጅቷ ባኞው ስር ተጣጥፋ ወድቃለች። ወይዘሮ ብዙነሽ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ገቡና ብብቷን ይዘው እስከ ግቢው ድረስ ጎተቷት።

ማራናታ ሐኪም ቤት አምስት ቀን ተኛች፤ በኦክስጅን ነው የተረፈችው። ወይዘሮ ብዙነሽ ሊጠይቋት ሄደው ሐኪሙን አገኙት።

«ሁለተኛ በረኪናና አሲድ አታደባልቁ» አላቸው።

«እሺ፤ ግን ለምን? ሁለቱን ለየብቻ ስንተነፍሰው ነው የምንውለው።»

«ኬሚስትሪ ነው፣ እናቴ» አለና ወደሚቀጥለው አልጋ ዞረ። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በሽተኛው ብዙ ነበር። ወይዘሮ ብዙነሽ ግን ያቺን አንዲት ቃል ይዘው ታክሲ ተሳፈሩ። በቀጣዩ መስከረም እኛ ዘንድ መጡ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እያንዳንዱን ተማሪ ለምን እንደተመለሰ ጠየቅሁ። አንዱ ለደረጃ እድገት፣ ሌላዋ ልጆቿን ለማስጠናት፣ አንዱ ደግሞ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ነው አሉ። ወይዘሮ ብዙነሽ ከፊተኛው ወንበር ብድግ አሉ።

«አንድ ዶክተር ጀምሮ የተወው መልስ አለ፤ እሱን ልጨርስ ነው» አሉና ተቀመጡ። ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው።

ጥር ላይ ወደ ነጥቦቹ ደረስን። አቶም ከሌላ አቶም ጋር የሚያያዘው በውጪኛው ኤሌክትሮኖቹ ነው፤ እነዚያን ኤሌክትሮኖች በነጥብ እየመሰልን በአቶሙ ምልክት ዙሪያ እንስላቸዋለን። አብዛኞቹ ዙሪያቸው በስምንት ነጥብ ሲሞላ ይረጋሉ፤ ሃይድሮጅን ሁለት ይበቃዋል። ይህን ስምንት ዓመት ሙሉ አስተምሬዋለሁ፤ ጠመኔ ይዤ ነጥብ ሳደርግ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው የሚሆነው። ልጆች ይገለብጡታል፣ ይፈተኑበታል፣ ይረሱታል።

ወይዘሮ ብዙነሽ አልገለበጡም። እርሳሳቸውን እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ያሳርፉና ያቆዩታል፤ እንቁላል የሚያስቀምጡ ነው የሚመስሉት። ብዙ አቶሞች ተያይዘው በጋራ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ወደሚሸከሙት፣ ፖሊአቶሚክ አዮን ወደምንላቸው ስንደርስ መጀመሪያ አሞኒየምን ሰሌዳው ላይ ሠራሁ። ናይትሮጅን አምስት፣ አራቱ ሃይድሮጅኖች አራት፣ ድምሩ ዘጠኝ። ቻርጁ ፕላስ አንድ ስለሆነ አንድ እንቀንሳለን፤ ስምንት።

እጃቸው ተነሳ። «መምህር፣ ፕላስ ብለው ይቀንሳሉ እንዴ?»

«ኤሌክትሮን ራሱ ማይነስ ነው፣ ወይዘሮ ብዙነሽ። ማይነስ የሆነ ነገር ሲወጣ የቀረው ወደ ፕላስ ያደላል።»

አሰቡበት። «ክፉ እንግዳ ሲወጣ ቤቱ ደስ እንደሚለው ማለት ነው» አሉ። ከመጽሐፉ ይልቅ የሳቸው ለክፍሉ ገባው።

ሥዕሉን ጨረስኩ። ናይትሮጅን መሐል፣ አራት ሃይድሮጅን በአራቱ ጎን፣ በየመካከላቸው ሁለት ሁለት ነጥብ። ሁሉንም በትልቅ ቅንፍ ከብቤ ቀኝ ራሱ ላይ ፕላሷን አስቀመጥሁ።

«ቅንፉስ ለምንድን ነው?» አሉ።

«ቻርጁ የአንዱ ብቻ እንዳይመስል ነው። ጉድለቱ የአምስቱም የጋራ ነው።»

«የአምስቱም?»

«የአምስቱም።»

እርሳሳቸውን አስቀምጠው ሰሌዳውን ረጅም ጊዜ አዩት። እኔም ዞሬ አየሁት። አምስት ጥቃቅን ነገሮች አንድ ጉድለት ተሸክመው፣ የማን እንደሆነ ሳይለዩ፣ ተያይዘው ቆመዋል። የገዛ እጄ ሥዕል እንግዳ ሆነብኝ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አንድ ኦክስጅንና አንድ ክሎሪን ያሉበት፣ ቻርጁ ማይነስ አንድ የሆነ አዮን ሰጥቼ ራሳቸው እንዲሠሩት አዘዝሁ። ስሙን አልነገርኳቸውም። ወይዘሮ ብዙነሽ ቀድመው ጨርሰው ወደ ሰሌዳው ወጡ። ኦክስጅን ስድስት፣ ክሎሪን ሰባት፣ ማይነሱ የጨመረው አንድ፤ አስራ አራት። ሁለት ነጥብ በመካከላቸው፣ ስድስት በኦክስጅኑ ዙሪያ፣ ስድስት በክሎሪኑ ዙሪያ። ቅንፍ። ማይነስ። አንዲት ስህተት የለውም።

«ይኼ ሰውዬ ስሙ ማነው?» አሉ ወደኔ ዞረው።

«ሃይፖክሎራይት ይባላል። በረኪና ውስጥ ያለው እሱ ነው።»

ጠመኔው እጃቸው ላይ እንዳለ ቀሩ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፣ ከዚያ ሰሌዳውን፣ ከዚያ እንደገና መዳፋቸውን።

«አስራ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር» አሉ ቀስ ብለው፣ «መልኩን አላውቀውም ነበር።»

ጠመኔውን መለሱልኝ። በአንድ ክዳን በረኪና ውስጥ ስንት ሃይፖክሎራይት እንዳለ ጠየቁኝ። ስልኬን አውጥቼ አሰላሁ። የአዲስ አበባ ሰው በሙሉ ሥራ ትቶ፣ በየሰከንዱ አንድ አንድ እየቆጠረ፣ ቀንና ሌሊት ሳያርፍ ቢቆጥር ከሃያ ሚሊዮን ዓመት በላይ ይፈጅበታል አልኳቸው። አንዱ ተማሪ አፏጨ። ወይዘሮ ብዙነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው አማተቡ።

ከዚያ የማራናታን ነገር ነገሩን። ለክፍሉ ሲነግሩ ያን ጊዜ የመጀመሪያቸው ነው። ሲጨርሱ «አሁን ለምን እንደሆነ ያሳዩኝ» አሉ።

ያን ቀን ያዘጋጀሁትን ትምህርት ተውኩት። አሲዱ ውስጥ ያሉትን በበረኪናው ሥዕል አጠገብ ሳልኩ፦ ዙሪያውን ስምንት ነጥብ የሞላ ክሎራይድ፣ ምንም ነጥብ የሌላቸው ሁለት ራቁት ሃይድሮጅኖች። «እነዚህ ሁለት ሃይድሮጅኖች ባዶ ስለሆኑ ኦክስጅኑን ይይዙታል» አልኩ። «ኦክስጅኑ ከነሱ ጋር ውሃ ይሆናል። ክሎሪኑ ብቻውን ሲቀር ከአሲድ የመጣውን ክሎሪን ይይዛል። ሁለቱ ተያይዘው ጋዝ ሆነው ይወጣሉ። ያዩት ብጫ እሱ ነው።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ጠመኔውን ተቀበሉኝና መቁጠር ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። በፊት፦ የበረኪናው አስራ አራት፣ የአሲዱ ክሎራይድ ስምንት፤ ሃያ ሁለት። በኋላ፦ የጋዙ አስራ አራት፣ የውሃው ስምንት። እንደገና ቆጠሩ።

«ሃያ ሁለት» አሉ። «አንዲት አልጠፋችም። አንዲት አልተጨመረችም።»

«አዎ።»

«አንሶላዬን የሚያነጣው ነጥብና ልጅቷን ያነቃት ነጥብ ያው ነው?»

«ያው ነው። የተቀየረው ከማን ጋር እንደተቀመጠ ነው።»

ወይዘሮ ብዙነሽ ወንበራቸው ድረስ አልሄዱም፤ ሰሌዳው ስር ያለችው መድረክ ላይ ቁጭ አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ግን ያዘኑ አይመስሉም ነበር። እኔ ያን እኩልታ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ከሁለቱም በኩል ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ቆጥሬ ግን አላውቅም። በሌላው የልብስ ማጠቢያ፣ በሌላው ሽንት ቤት፣ በዚህች ሰዓት በዓለም ሁሉ፣ አንዲት ነጥብ ሳትጠፋ ይህ ቆጠራ ልክ እየመጣ እንደሆነ አሰብኩ። ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ከቤተክርስቲያን መልስ ደብተራቸውን ይዘው ማራናታ ቤት ሄዱ። ልጅቷ ድና ነበር፤ ወደ ሥራ ግን አልተመለሰችም። የቤርጎው ባለቤት «በገዛ ዝርክርክነቷ ነው» ብለው ነበርና እሷም ያንኑ አምና ተቀምጣለች። ወይዘሮ ብዙነሽ ደብተሩን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ከመጀመሪያው ነጥብ ጀምረው አስረዷት።

«እትዬ፣ እኔ እኮ በጣም እንዲጸዳ ብዬ ነው» አለች ማራናታ።

«አውቃለሁ። አንቺ ዝርክርክ አይደለሽም፣ ልጄ። ይኼን የነገረሽ ሰው አልነበረም፤ እኔንም የነገረኝ የለም። አሁን እኔ ነገርኩሽ።»

ማራናታ ሥዕሉን በጣቷ ተከትላ ቆጠረች። ሃያ ሁለት ላይ ስትደርስ ሳቀች፤ «ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም ነበር» አሉኝ ወይዘሮ ብዙነሽ።

የቤርጎው ባለቤት አቶ ደሜ ነው የሚባሉት። ሰኞ ጠዋት የዕቃ ክፍሉ በር ላይ በቅንፍና በነጥብ የተሞላ ካርቶን ተለጥፎ አገኙ።

«ብዙነሽ፣ ይኼ ምን አስማት ነው?»

«አስማት አይደለም፣ አቶ ደሜ። ማራናታን ሊገድላት የነበረው ነገር ፎቶ ነው። ይቀመጡና ልንገርዎት።»

እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ ሰውየው ሩብ ሰዓት ተቀምጠው እንደሰሙ፣ መሐል ላይም «ቆይ፣ ይቺ ነጥብ ከየት መጣች?» ብለው እንደጠየቁ ወይዘሮ ብዙነሽ ነገሩኝ። በዚያው ሳምንት አሲዱ ከበረኪናው ተለይቶ ሌላ ክፍል ገባ፤ ለሦስቱም ሠራተኞች ጓንት ተገዛ። ማራናታ ወደ ቤርጎው አልተመለሰችም። አሁን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራለች።

ወይዘሮ ብዙነሽ ዘንድሮ አስረኛ ክፍል ናቸው። አንሶላውን አሁንም ያጥባሉ። እንግሊዝኛው ያስቸግራቸዋል፤ በታሪክ አምና ለትንሽ ነው ያለፉት። በኬሚስትሪ ግን ከኔ ጋር ይከራከራሉ፤ እኔም ለሳቸው ስል ማታ ማታ ማንበብ ጀምሬያለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ናይትሬትን ሰጠኋቸው፤ አንድ ናይትሮጅን፣ ሦስት ኦክስጅን፣ ማይነስ አንድ። ሃያ አራት ነጥብ። ሲሠሩት አንዱ ኦክስጅን በሁለት ጥንድ መያያዝ ነበረበት፣ ሁለቱ በአንድ አንድ ጥንድ። ወይዘሮ ብዙነሽ ግራ ገብቷቸው ሦስት ጊዜ ሳሉት፤ በየጊዜው ባለሁለት ጥንዱ ሌላ ኦክስጅን ነው። ሦስቱንም ይዘው መጡ።

«የሦስቱም ቆጠራ ልክ ይመጣል። የቱ ነው እውነተኛው?»

«አንዳቸውም አይደሉም» አልኩ። «በላቦራቶሪ ሲለካ ሦስቱም ማያያዣዎች እኩል ናቸው። ትርፉን ጥንድ ሦስቱ ኦክስጅኖች እኩል ተካፍለውታል። በኛ ነጥብ ያንን በአንድ ሥዕል መሳል አይቻልም፤ ስለዚህ ሦስቱንም እንስልና እውነቱ የሦስቱ ድብልቅ ነው እንላለን።»

ሦስቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀመጡ። ከኋላ ያሉት ተማሪዎች ተነስተው ዙሪያቸውን ቆሙ። የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ ቦርሳውን ያነሳ ግን አልነበረም።

«ቆይ፣ መምህር» አሉ ወይዘሮ ብዙነሽ፣ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ። «ቆይ። ዝም ብዬ ልየው።»

ዝም ብለን አብረናቸው አየነው።