እንስራ የተሸከሙት

ልጅ ሳለሁ፣ ከሞላሌ ገበያ ብዙም በማይርቀው መንደራችን፣ ማታ ማታ ተረት የሚነግሩን የአባቴ አክስት እትዬ ዘነበች ነበሩ። በሌላው ቤት ተረት ነጋሪ እሳት ዳር ይቀመጣል፤ እትዬ ግን የኩበቱ ጢስ ትንፋሻቸውን ስለሚዘጋው በሩን ገርበብ አድርገው፣ ብርዱ በሚገባበት በኩል ነበር የሚቀመጡት። በኩራዙ ብርሃን የበግ ጠጉር እየፈተሉ በዚያ ሻካራ፣ ከደረት ታፍኖ በሚወጣ ድምፃቸው ሲጀምሩ፣ ካልቀረቧቸው ስለማይሰማ እኔና ወንድሞቼ ፍሙን ትተን እግራቸው ሥር እንሰበሰብ ነበር። ጅቡን ሲያናግሩ ድምፃቸውን መለወጥ አያስፈልጋቸውም። ተረቱ መሐል ሳል ይመጣና ያንገላታቸዋል፤ ያኔ ዝም ብለን እንጠብቃለን። ሲያልፍላቸው ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ።

አንድ ምሽት ሳሉ አልለቅ ሲላቸው፣ «እትዬ፣ ይሄ ሳል ከየት የመጣ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አሳረፉና ጅቡንም አህያዋንም ትተው ስለራሳቸው ነገሩን።

በጣሊያን ጊዜ አርበኞቹ ገደል ሥር ካለ ዋሻ መሽገው ነበር። እትዬና የመንደሩ ልጃገረዶች ጨለማን ተገን አድርገው ውሃ በእንስራ፣ በሶ በስልቻ ያወርዱላቸዋል። አንድ ቀን ሳይመለሱ ነጋባቸው። አውሮፕላን መጥቶ በርሜል ጣለ። «ቦምብ መስሎን ተኛን» አሉ እትዬ፤ «ዘይት የመሰለ ነገር ቅጠሉ ላይ ተረጨ። ሽታው የነጭ ሽንኩርት ነው። ምንም አልመሰለንም። ኋላ ነው ገላችን ውሃ ቋጥሮ መላጥ የጀመረው፤ ዓይናችንም ያበጠው።» በአንድ ዓይናቸው ጭላንጭል የቀረላቸው እትዬ ነበሩ። መቀነታቸውን ፈትተው ጫፉን ለታወሩት አስያዙና፣ እየዳበሱ በገደሉ መንገድ አወጧቸው። ከእነዚያ አንዱ፣ ዓይናቸው በዚያው ጠፍቶ የቀረው አርበኛ፣ ጎረቤታችን አባ ተሰማ ነበሩ።

በእኔ ልጅነት፣ መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመት እንዳለፈ፣ በዚያ መርዝ የተጎዱ አርበኞች በነፃ ይታከሙ ተባለ። አባ ተሰማ ተፈቀደላቸው። እትዬም ሞላሌ ወዳለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄዱ፤ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን፣ ሳል መንገድ ላይ ቢጥላቸው የሚደግፋቸው እንዲኖር እኔን አስከትለው ዳግም ሄዱ።

ሹሙ ወጣት ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም።

«እማማ፣ መመሪያው የሚለው ተዋጊ ነው። እርስዎ ጠመንጃ ይዘው ነበር?»

«እንስራ ይዤ ነበር።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?»

«መርዙ ሲወርድ ጠመንጃ የያዘውን እንስራ ከያዘችው አልለየም፣ ልጄ።»

ሹሙ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አንከባለለ። «ችግርዎ ይገባኛል፣ እማማ…»

«ላንተ ችግሬ ነው የሚገባህ» አሉት፤ «ለእኔ ደግሞ ሕክምናው ይገባኛል።»

ያኔ ትምህርት ቤት ከገባሁ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነበርና፣ አንዱ ቃል እንዲህ ሁለት ፊት ሲኖረው ሰምቼ አላውቅም። እትዬ አልተቆጡም፤ አልለመኑምም። ተነሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «ለሚቀጥለው ገበያ እመጣለሁ» ብለው ወጡ። መጡም። በዝናብም በውርጭም ከጽሕፈት ቤቱ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ አየናቸው። አባቴ እንኳ «ቢተዉት ምናለ፣ ደከሙ እኮ» ብሎ ነበር። «ብተወው ሳሉ ይተወኛል?» አሉት።

በመጨረሻ አባ ተሰማ በትራቸውን ይዘው አብረውን መጡ። ሹሙ ፊት ቆመው፣ ድምፁ ወደመጣበት ዞረው ተናገሩ።

«እኔ ተዋጊ ተብዬ እታከማለሁ። ውሃ ባታወርድልን በጥም አልቀን ነበር፤ ማንንም አንዋጋም። ዓይኔ ሲጠፋ ከገደሉ ያወጣችኝ እሷ ናት። እሷ ደጅ ከቀረች እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ሹሙ እርሳሱን አነሣ። ከዚያ የሁለቱንም ቃል ጽፎ ለበላዮቹ ላከ። መልሱ እስኪመጣ ሁዳዴ ገብቶ ወጣ፤ ሲመጣ ግን ተፈቀደላቸው።

ሐኪሙ ጀርባቸውን ረጋ ብሎ አዳመጠ። «ሳንባዎ ጠባሳ ይዟል፤ እንደ ድሮው አይሆንም» አላቸው፤ «ትንፋሽዎን ግን እናቀልልዎታለን።» በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጣቸው። ለዓመታት ስልቻ ተደግፈው ሲያንቀላፉ የኖሩት ሴት በዚያ ሰሞን በጎናቸው ተኝተው አደሩ። እናቴ ተኝተው ስታያቸው ደንግጣ ትንፋሻቸውን አዳምጣለች።

ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ጠዋት ግን እትዬ ጫማቸውን ሲያጠልቁ አገኘኋቸው።

«የእርስዎ አለቀ አይደል እንዴ?»

«የኔማ አለቀ። የአስካለ መች አለቀ?»

እትዬ አስካለ ያኔ አብረዋቸው ውሃ ያወርዱ የነበሩ፣ አሁን ከወንዙ ማዶ አልጋ የያዙ ሴት ናቸው። የመንደሩ ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው አመጧቸው። ሹሙ ከበሩ ሲያየን ከወንበሩ ተነሣ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉት እትዬ፤ «ተቀምጠህ ጻፍ። አስካለ ነው ስሟ።»

እትዬ ካረፉ ቆይተዋል። ከነገሩን ተረት አብዛኛው ከአእምሮዬ ጠፍቷል፤ የጀመርኩትን ለልጆቼ መጨረስ እያቃተኝ ዝም የምልበት ጊዜ ብዙ ነው። ያን ቀን ግን ሳልስት እነግራቸዋለሁ። ከእትዬ አስካለ በኋላ ሌሎችም ሴቶች መጡ፤ አንዷ በልጇ ጀርባ፣ አንዷ በበቅሎ። ሹሙም ከዚያ ወዲያ ማንንም ስለ ጠመንጃ አልጠየቀም።